ለጥርስ ሐኪሙ ያልተነገረው

ጥቅምት ፮ ቀን

ለታናሽ እህቴ፤

የላክሽልኝ ደብዳቤ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ትናንት ደረሰኝ። ጆሮዬ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ ይህ ሰው ለሁለታችን ትልቅ ባለውለታ ሆኗል፤ ጉድለቱ ደብዳቤውን ከምሳው ጋር በአንድ ኪስ መያዙ ብቻ ነው። በዘይት የራሰውን ጥግ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቼ አነበብሁት።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ጣሪያው ተጠግኗል። ጎረቤቴ ውሻውን ማሰር ጀምሯል። ስኳሬን በየጧቱ እለካለሁ። ድዴን በተመለከተ የሚያሳስብ ነገር ስለሌለ ጥያቄው ዳግመኛ ባይነሣ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ስለ ስፌት መኪናሽ ቀበቶ መበጠስ፣ ከጥልፍ ሠሪዋ ባልንጀራሽ ጋር ስለ ተነታረካችሁበት መስኮትና ስለ ሚዜዎቹ ቀሚስ በሰፊው አትተሻል። ከፊርማሽ በታች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ ፊደሉን አሳንሰሽ፣ «ደግሞ አንድ መንጋጋዬ ስላስቸገረኝ ሳላስነቅለው አልቀርም» ብለሻል። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት በአራሚነት የጨረስሁ ሰው ነኝና፣ ሰው ትልቁን ነገር በትንሽ ፊደል ሲጽፍ አይሰወርብኝም።

እህቴ፣ የአንቺ መንጋጋ እንደ ማንም ሰው መንጋጋ አይደለም። በልብሽ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ። ከወጣትነትሽ ጀምሮ ደም የሚያቀጥን ክኒን ትውጫለሽ። ስለዚህ ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ወደ ሰፈራችን የጥርስ ሐኪም ሄድሁ።

«ጋሽዬ፣ ዛሬስ ለራስዎ መጡ?» አለችኝ።

«ለእህቴ ነው» ብላት ሳቀች።

«እህትዎ የታሉ?»

«አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ የሚያስሄድ አገር ነች።»

ሳቋን ትታ ወንበር ሰጠችኝ። የነገረችኝን ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። «ጥርስ ሲነቀል በአፍ ውስጥ ያለው ተሕዋስ ወደ ደም ይገባል። ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ቫልቭ ያስገባ ሰው ላይ ግን ሄዶ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ ጥርሷ ከመነቀሉ አስቀድሞ የሚታዘዝላትን መከላከያ መድኃኒት መዋጥ አለባት። ክኒኗን ደግሞ ደም ይፈሰኛል ብላ በራሷ ፈቃድ እንዳታቋርጥ፤ ደሟ ከረጋ ሌላ ጣጣ ነው። የልብ ሐኪሟና የጥርስ ሐኪሙ ይነጋገሩ፣ የደሟ ቅጥነት ይለካ፣ ከዚያ ይነቀላል። አደጋው መንቀሉ አይደለም ጋሽዬ፤ ሳይናገሩ አፍ መክፈቱ ነው።»

እንግዲህ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ስለ ቫልቭሽና ስለ ክኒንሽ ተናገሪ። ይህን የምልሽ እንደ ምክር አይደለም።

ወንድምሽ

በደብዳቤሽ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ላይ አራት ነጥብ አላደረግሽም። ያላለቀ ነገር ያለ ይመስላል።


ጥቅምት 13 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ መኪናዬም ደህና ናት፣ የጥልፍ ሠሪዋም ምላስ ከእኛ ሁሉ የበለጠ ደህና ነው።

እንዳይቆጡኝ ከወዲሁ እለምንዎታለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጥርሱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሕመሙ አላስተኛ ስላለኝ ሱቅ እንኳ ሳልከፍት በጧት ሄድኩ።

ክሊኒኩ ከእኛ ሱቅ በላይ፣ ከመነጽር ቤቱ ጎን ያለው ነው። አግዳሚ ወንበሩ ሰው ሞልቶበት ስለነበር ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ሲያዩት ገና እናቱ ሸሚዙን የምትተኩስለት ይመስላል። ግን ጨዋ ነው። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ።

«እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ፈጣሪ ይመስገን» አልኩት።

«ከጥርሱ ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለብኝ፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

ምን ልበለው ጋሼ? ልቤ ከተሠራ ወዲህ አሞኝ አያውቅም። የተጠገነ ነገር ተጠገነ ማለት ነው። እርስዎስ ጣሪያዎን ካስጠገኑ በኋላ ያፈሳል ብለው ለሰው ያወራሉ? ክኒኑንም እንደ ቁርስ ነው የማየው፣ መድኃኒት መሆኑ ትዝ አይለኝም። አላቋረጥኩም ደግሞ፣ እሱን ስላነሡ።

ነቀለው። እጁ ቀላል ነው። ደሙ ብቻ አልቆም ብሎ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ነክሼ ስሰፋ ዋልኩ። ደንበኞቼ ተቆጥታ ነው ብለው ዋጋ ሳይከራከሩ ሄዱ። ጥልፍ ሠሪዋ «ዛሬ ገና አፍሽ ተዘጋልኝ፣ ሌላውንም ባስነቀልሽ» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ስስቅ ደግሞ ደሙ እንደገና ጀመረ። በማግስቱ ቆመ። ይኸው ነው፣ አለቀ።

የድድዎን ነገር እንዳላነሣ ከልክለውኛል፣ እሺ አላነሣም። ግን የሰፈራችሁ ሐኪም «ለራስዎ መጡ?» ያለችዎት ለምንድን ነው?

ታናሽ እህትዎ።

አራት ነጥብ አድርጌአለሁ፣ ይዩልኝ።


ጥቅምት ፲፱ ቀን

ለታናሽ እህቴ፤

አልተቆጣሁም። ቁጣ በዚህ ወረቀት ላይ ምንም ስለማይጠቅመን አስቀምጬዋለሁ።

ደብዳቤሽን ወስጄ ለጥርስ ሐኪሟ አነበብሁላት። ስለ ጥጡ በቀለድሽበት ቦታ ላይ አልሳቀችም። ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ትኩሳት ካላት፣ ማታ ማታ ካላባት፣ ድካም ከተሰማት አንድ ቀን እንኳ ሳታድር የልብ ሐኪሟ ዘንድ ትሂድ። ባይሰማትም ትሂድና ትመርመር።»

ያ ወጣት የጠየቀሽ ጥያቄ ሰላምታ አልነበረም። ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ መሣሪያውን በእጁ ይዞ፣ «ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?» የሚል ሰው እንደ መንገደኛ አይመለስለትም። ነገር ግን ለምን እንደዚያ እንደ መለስሽ አውቃለሁ፤ ያሳደገን ቤት አንድ ነውና። እናታችን «ጠያቂያችሁን አታስደንግጡ» ትለን ነበር። አባታችን ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በበሩ አንገቷን ላስገባችው ጎረቤት «ደህና አድሬአለሁ፣ እናንተስ?» ብሎ እስከ ቀትር አልቆየም። ቀባሪው ሁሉ «ምነው ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ?» እያለ ሲገረም፣ አንቺ ከእናታችን ጀርባ ሆነሽ በኩራት ትሰሚ ነበር። እኛ ቤት ሕመምን መናገር ሰው ላይ ዕቃ እንደ መጫን ይቆጠር ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የምንጠቅሰው ለሌሎች ሰዎች ነው።

ሦስት ነገር እጠይቅሻለሁ። ያተኩስሻል? ያልብሻል? የልብ ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሻል? ሰላምታ አይደለም፤ እያንዳንዱን ለየብቻው መልሺልኝ።

ለክሊኒኩ ኃላፊ አቤቱታ እያረቀቅሁ ነው። አንድ ሐኪም የታካሚውን የድሮ ቀዶ ጥገና ሳያጣራ መሣሪያ ማንሣቱ ዝም ሊባል አይገባውም። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ማለት ስንት ቃል ነው?

የሰፈራችን ሐኪም የተናገረችው ቀልድ ነው፤ ሙያዋ ስለሆነ ሰው ሁሉ አፉን እንዲከፍትላት ትፈልጋለች።

ወንድምሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እኔ ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፣ የሚዜዎቹ ቀሚስ ጊዜ አልሰጠኝም። ሙሽራዋ ቀለሙን ቀየረች፣ እናቷ እንደገና መለሰችው፣ በመሀል ጨርቁ እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ያየናል። ጥልፍ ሠሪዋ «ይኼ ሠርግ ሳይሆን ስብሰባ ነው» ትላለች።

አቤቱታውን እንዳይልኩ ጋሼ፣ አደራ። ልጁ ምን አደረገ? ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። መሽቶ ሱቄን ስዘጋ ሲያየኝ ከደረጃው ወርዶ በሩን በመዝጋት ያግዘኛል። «ቁስሉ ዳነልዎት?» ይለኛል፣ «ድኗል» እለዋለሁ። ድኗልም። በምላሴ ስነካው ባዶ ቦታ ብቻ ነው ያለው።

ሰሞኑን እዚህ ካፊያው አላባራም። ሱቁ ግን ያፍነኛል፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የምሰፋው። ጥልፍ ሠሪዋ ጋቢ ነገር ተከናንባ «አንቺ ሴትዮ፣ በብርድ ልትገድይኝ ነው?» እያለች ትነጫነጫለች። መኪናዋን መርገጥም ቶሎ ይደክመኛል፣ ዕድሜ መሆኑ ነው፣ እርስዎም ይሄን ያውቁታል። ያ ግራጫ ቀሚሴ ሰፍቶኝ ስለነበር ትናንት ጎኑን ገባ አድርጌ ሰፋሁት፣ አሁን ልክክ ብሎልኛል። ቢያዩኝ ልጅ ሆንሽ ይሉኝ ነበር።

የልብ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮዬ ወር ሲያልቅ ነው፣ ያኔ መሄዴ አይቀርም። ሰውየው ሥራ ይበዛበታል፣ ያለቀጠሮ ሄዶ ማስቸገር ደስ አይለኝም።

እርስዎስ ድድዎ እንዴት ነው? «ቀልድ ነው» ብለው ጻፉልኝ፣ ግን ቀልድ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው እርስዎ አይደሉም።

ታናሽ እህትዎ።


ኅዳር ፰ ቀን

ለመርፌዬ፤

በልጅነትሽ የምጠራሽን ስም ከጻፍሁ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ በሌላ ስም ልጀምር አልቻልሁም።

በአራሚነት ዘመኔ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከተጻፈው ይልቅ የተዘለለውን መፈለግ ነው። ሦስት ጥያቄ ጠይቄሽ አንዱን ብቻ መለስሽ፤ እሱንም «አልሄድሁም» ማለት ከብዶሽ ቀጠሮ ብለሽ ሸፈንሽው። የቀሩትን ሁለቱን ግን ሳታውቂ መልሰሻቸዋል። ካፊያ እየዘነበ ሌላው ሰው በሚንቀጠቀጥበት ሱቅ ውስጥ በር ከፍታ የምትሰፋ ሴት ያልባታል። ልብሷን ያጠበበች ሴት ከስታለች። መስመሮችሽም ከወረቀቱ መካከል ጀምረው ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ስፌትሽ ጠሞ አያውቅም፣ ጽሕፈትሽም እንደዚሁ።

ለወር መጨረሻ የሚቆይ ነገር የለም። ነገ ጧት ሂጂ። ሐኪሙን ማስቸገር ነውር ከመሰለሽ፣ ነውሩን በእኔ ላይ አድርጊው፤ ወንድሜ ነው የላከኝ በዪ። አንደበትሽ እንደማይታዘዝልሽ ስለማውቅ የምትናገሪውን እኔ ጽፌልሻለሁ። ይህን ገጽ ቀድደሽ ለመጀመሪያው ነጭ ካፖርት ለለበሰ ሰው ስጪ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብትዪ ግድ የለኝም።

«ለሚመለከተው ሐኪም፤

ይህን ወረቀት የሰጠችዎ ታካሚ እህቴ ናት። ጤናዋን ቢጠይቋት ‹ደህና ነኝ› ትላለች፤ አይመኗት። በልቧ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ። በየዕለቱ ደም የሚያቀጥን ክኒን ትወስዳለች። በቅርቡ አንድ መንጋጋዋ ያለ መከላከያ መድኃኒት ተነቅሏል፤ ስለ ቫልቩ ለነቃዩ አልነገረችም። ከዚያ ወዲህ ያልባታል፣ ይደክማታል፣ ከስታለች፤ ትኩሳትም ሳይኖራት አይቀርም። ስለ ራሷ እንዳትናገር ሆና አድጋለች፤ ይህ ድፍረት ወይም ንቀት እንዳይመስልዎ። እባክዎ ከቃሏ ይልቅ ደሟን ይመርምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣ ወንድሟ።»

ጥልፍ ሠሪዋ አብራሽ ትሂድ። ምላሷ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 16 ቀን፣ ከሆስፒታል

ለወንድም ጋሼ፣

ወረቀቱን ሰጠሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰን ሱቅ ውስጥ ነበር። እኔ ክር እያስገባሁ ስለነበር ጥልፍ ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ለሐኪሙ የጻፉት ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው። ከዚያ ተነሥታ ሱቁን ዘጋች፣ ደንበኛ ውጪ ቆሞ እያየ። «አየሽ፣ ‹አራት ነጥብ› የሚሏቸው ሰውዬ ሲቆጡ» አለችኝ። ማተሚያ ቤት ያወጡልዎትን ያንን የቅጽል ስም ነግሬአት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ።

የልብ ሐኪሙ ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበበው። «ወንድምዎ ሐኪም ናቸው?» አለኝ። «አራሚ ናቸው» አልኩት። «ቀድመው አርመውኛል፣ ‹ደህና ነኝ› ቢሉኝ ቀጠሮ ሰጥቼ እሸኝዎት ነበር» አለ። የዚያኑ ቀን አስተኙኝ።

በአጭሩ ልንገርዎ። የአፌ ተሕዋስ ቫልቩ ላይ ሰፍሮ አግኝተውታል። በደም ሥሬ መድኃኒት እየሰጡኝ ነው፣ ግን ቫልቩ ስለተበላሸ መቀየር አለበት ይላሉ። ከመቀየሩ በፊት ደግሞ የተበላሹት ጥርሶቼ ሁሉ መውጣት አለባቸው፣ አለበለዚያ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። የሆስፒታሉ የጥርስ ሐኪም ወደ አልጋዬ መጣችና የጠየቀችኝን ቢሰሙ ይደሰቱ ነበር። ምን ቀዶ ጥገና ተደርጎልሻል፣ ምን ትውጫለሽ፣ መቼ ነው የጀመርሽው፣ ከዚህ በፊት ስትነቀዪ ደሙ እስከ መቼ ፈሰሰ፣ ማደንዘዣ ያስቸገረሽ ጊዜ አለ? ከልብ ሐኪሙ ጋር እዚሁ እግሬ ሥር ቆመው ተመካከሩ። ሁሉንም ነገርኳት ጋሼ። ስናገር ልብሴን የማወልቅ መሰለኝ።

ያ ልጅ ሰምቶ ሊጠይቀኝ መጣ። በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። «እማማ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ ብጠይቅዎት ኖሮ ይነግሩኝ ነበር?» አለኝ። እርስዎ ምን ይሉታል?

ታናሽ እህትዎ።


ኅዳር ፳ ቀን

ለመርፌዬ፤

ወጣቱን ምን እንደምለው ጠይቀሽኛል። ሦስት ቀን አሰብሁበት። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱን ግን አንቺም፣ እኔም፣ እርሱም አናውቀውም። ከአሁን በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ ከሁለት አቅጣጫ ይጠይቅ፤ «ደህና ነኝ» ባሉት ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ ይጠይቅ። ይህን ከእኔ የተላከ መልእክት አድርገሽ ንገሪው። አቤቱታውን ቀድጄዋለሁ። ጥሩ አድርጌ ነበር የጻፍሁት፤ አንድም የሚታረም ነገር አልነበረበትም።

ለልብ ሐኪምሽ ያለኝን ምስጋና አድርሺልኝ።

ጥርሶችሽ በመውጣታቸው አትዘኚ። የእኔን ዘመን ሰዎች አይተሻል፤ ግማሾቻችን የምንስቀው በተገዛ ጥርስ ነው፣ ሳቁ ግን የራሳችን ነው። ስትወጪ የሰፈራችን ሐኪም ልክሽን ትወስዳለች፤ ነግሬአታለሁ። «በመጀመሪያ የእርስዎን» አለችኝ። ወሬውን ወደ አንቺ መለስሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልምጣ? ሳትፈቅጂ እንደማልመጣ ታውቂያለሽ። ልብሽ መጀመሪያ የተሠራ ጊዜ «አይድከሙ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብለሽ ጻፍሽልኝ፣ እኔም ቃልሽን አክብሬ ቀረሁ። ባልሽ ሲሞትም እንደዚያው ሆነ። ዛሬ ያንን ቃል እንዳትጽፊልኝ እፈራለሁ። የአውቶቡሱ ሹፌር ከኋላው ያለውን መቀመጫ ለእኔ እንደሚይዝልኝ ነግሮኛል፤ ምሳውን በሌላ ኪስ ለመያዝም ቃል ገብቷል።

ወንድምሽ


ኅዳር 25 ቀን

ለጋሼ፣

እኔ ጥልፍ ሠሪዋ ነኝ የምጽፈው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ፊደሌን እንዳያርሙብኝ፣ እኔ የሠለጠንኩት በመርፌ ነው።

ከትናንት ጧት ጀምሮ ቀኝ እጇ አልታዘዝላት ብሏል። ከቫልቩ ላይ ቅንጣት ተነሥታ ወደ ጭንቅላቷ ሄዳ ነው አሉን። ማንኪያ ትይዝና ማንኪያው ይወድቃል። እሷ ይሄን አትጻፊ ብላኛለች፣ እኔ ጽፌዋለሁ።

አሁን እሷ የምትለው ነው፦

ወንድም ጋሼ፣ ጥርሶቼ ወጥተዋል። አስቀድመው መድኃኒት ሰጡኝ፣ ደሜን ለኩ፣ በስፌትም ያዙልኝ። ብዙም አልደማሁም። የሐኪሟ ስፌት ጥሩ ነው፣ ጫፉን ግን አሳጥራ ነው የምትቆርጠው። (ይሄን ስትል ልትስቅ ፈለገች፣ አፏ ግን እሺ አላላትም።)

ቀዶ ጥገናው ከእንግዲህ አይዘገይም ብለዋል፤ በጣም ቢቆይ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው። ሊያድነኝም ላያድነኝም እንደሚችል ነገሩኝ። ስለነገሩኝ አልከፋኝም።

ልምጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

(እዚህ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች ጋሼ። እኔም ብዕሩን አስቀመጥኩ።)

ይምጡልኝ። ፈርቻለሁ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አልልም ነበር፣ ለእርስዎ ግን እላለሁ፣ ፈርቻለሁ። አጠገቤ ተቀምጠው ዝም ቢሉ ይበቃኛል።

ታናሽ እህትዎ ናት። ፈርሚ ብዬ ብዕሩን በግራ እጇ ሰጠኋት፣ ይቺ ጭረት የሷ ናት።


ኅዳር ፳፱ ቀን፣ ከሆስፒታሉ ኮሪደር

ለመርፌዬ፤

ይህን ደብዳቤ የምታነብብልሽ ነርሷ ናት። ቀስ ብላ እንድታነብብ፣ በነጠላ ሰረዙም ላይ ትንፋሽ እንድትወስድ ለምኛታለሁ።

የጥልፍ ሠሪዋ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ተሳፈርሁ። ስደርስ ግን ወደ ቀዶ ጥገናው አስገብተውሽ ነበር። ከጥልፍ ሠሪዋ ጋር በዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ደብዳቤዋን እንዳላረምሁ ነገርኋት። «የሚታረም ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። «አዎን» አልኋት።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ በግልጽ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት፤ በግልጽ ነገረኝ። «ቫልቩ ተቀይሯል፣ ልቧም እየመታ ነው። መንቃት በነበረባት ሰዓት ግን አልነቃችም። ትነቃለች ብዬ ልዋሽዎ አልችልም፤ አትነቃም ለማለትም አልችልም። ዛሬና ነገ ይለያል።» አመሰገንሁት። ይሰማሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ከሰማሽ ግን ስለ ራስሽ እኔ የማውቀውን ያህል ማወቅ አለብሽ።

ከዚያ ወደ አንቺ ክፍል በር መጣሁ። ነርሷ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ከፈት አድርጋ ይዛዋለች። በስተጀርባዋ እግርሽ ከአንሶላው ሥር ታየኝ።

«አባባ፣ ብቻዎን ይገባሉ። ከመግባትዎ በፊት፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ መግል የያዘ ነገር አለብዎት?» አለችኝ።

በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅብኝ፤ በምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ብያታለሁና ማንም አይጠረጥረኝም ነበር።

«ስኳር አለብኝ» አልኋት። «ድዴ ከቆየ ጀምሮ ያመኝ ነበር፤ አሁን መግል ይዟል። ከትናንት በስቲያ ጀምሮም ያተኩሰኛል።»

ፊቴን አየችኝ። በእጇ ግንባሬን ነካች። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ባይነግሩኝ ኖሮ አስገባዎት ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኋት።

«አዲስ ቫልቭ ነው ያለባት፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ እርሷ አላቀርብም። ያዝኑብኝ ይሆናል።»

«አላዝንብዎትም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ባጋጠማት» አልኋት።

ጥልፍ ሠሪዋ ክንዴን ይዛ ወደ ታችኛው ፎቅ አወረደችኝ። አንቺን ያከመችው የጥርስ ሐኪም ስኳሬን ለካች፤ ከፍ ብሎ ነበር። የምወስደውን ሁሉ ጠየቀችኝ፣ የምወስደውን ሁሉ ነገርኋት። መግሉን አወጣችልኝ፣ መድኃኒትም አዘዘችልኝ። «ስኳር ያለበት ሰው ድዱን እንዲህ ችላ አይልም፣ የመግሉ ሥርጭት ፈጣን ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ እንደምገባ ነግረውኛል። የትኩሳቴ መልቀቅ ይቀድም እንደሆነ፣ ወይስ የአንቺ ነገር መለየት፣ አላውቅም።

አጠገቤ ተቀምጠው ዝም ቢሉ ይበቃኛል ብለሽኝ ነበር። የጠየቅሽኝ ይህንኑ ብቻ ነበር፤ እርሱንም በሚገባ አላደረግሁልሽም። በአንዲት ቃል መግባት እችል ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ቃል ገብቼ አጠገብሽ መቀመጥ አልሆነልኝም።

ፈርቻለሁ ስላልሽኝ አመሰግንሻለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። ይህን ከዚህ በፊት ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጻፍ እንኳ ስጽፈው ነው ያየሁት።

በአልጋሽ ግራ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ወደ ኮሪደሩ የሚያሳይ የመስታወት መስኮት አለ። ነርሷ መጋረጃውን ገልጣልኛለች። ቀና ማለት ከቻልሽ እዚያ ቆሜያለሁ። ካልቻልሽም ቆሜያለሁ።

ወንድምሽ